የጎመን ቅጠል ጀርባ

በሁዳዴ አጋማሽ፣ አንድ ጠዋት፣ ለምሳ ጎመን ልቀጥፍ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቤቴ ጉለሌ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር። ጓሮዋ ሁለት መደብ የአበሻ ጎመን፣ አንድ ጤና አዳም፣ አንድ ጽጌረዳና አጥር ሥር የበቀለ የኮክ ዛፍ የያዘች ጠባብ ናት። የመጀመሪያውን ቅጠል ስገለብጠው ጀርባው ላይ አመድ የተነሰነሰበት መሰለኝ። አመድ ግን አይንቀሳቀስም። ይህኛው በጣም በዝግታ ይንቀሳቀስ ነበር።

ክሽክሽ ነው። የጎመን ቅማል የሚሉትም አሉ። አንዱ ክሽክሽ ሁለት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ያህላል፤ ግራጫ ዱቄት ለብሷል፤ ሆዱ የተነፋ፣ እግሩ ከክር የቀጠነ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ራሳቸውን ወደ ቅጠሉ ደፍተው ተቀምጠዋል። የቅጠሉ ጠርዝ በእነሱ ምክንያት ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ አረንጓዴው ላይ ቢጫ ጣል ጣል ብሎበታል።

ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ ክፍተት አዩኝ።

«ልጄ፣ ምን አጎነበሰሽ?»

«ክሽክሽ ገብቶበታል፣ እማማ።»

«አመድ ነስንሺበት። ጤዛው ሳይደርቅ፣ አሁኑኑ። ከእኔ ምድጃ ውሰጂ።»

የእማማ አመድ የባሕር ዛፍ ቅጠል አመድ ነው። ሴቶች ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው ተሸክመውት በሚወርዱት ቅጠል እንጀራ ይጋገራል፤ የተረፈው አመድ ጎመን ላይ ይነሰነሳል። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። አመዱን በቆርቆሮ ይዤ ተመለስኩ፤ ግን ከመነስነሴ በፊት ልጄ ለትምህርት የገዛውን ማጉያ መነጽር አመጣሁ። ለምን እንዳመጣሁት አላውቅም። ምናልባት ሳላውቃቸው ልገድላቸው ከብዶኝ ይሆናል። አመዱ እስከ ማታ በቆርቆሮው ውስጥ ቀረ፤ ምሳም ያለ ጎመን አለፈ።

ያን ቀን ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን አሁን ስጽፍ፣ መጀመሪያ ስለ ጎመኑ መናገር አለብኝ፤ የክሽክሹ ጥበብ ያለ ጎመኑ ጥበብ አይገባምና። የአበሻ ጎመን የራሳችን ደጋ ልጅ ነው። በዘሩ ምጣድ ይታሰሳል፤ ቅጠሉ የጾም ወጥ ይሆናል። ይህ ተክል የሁለት ተክሎች ውላጅ መሆኑን በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያስረዳው በጃፓን ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ናጋሃሩ ዩ ነው። አንደኛው ወላጅ የጥቅል ጎመን ዘመድ ነው። ሁለተኛው ጥቁሩ ሰናፍጭ ነው፤ በስልጆ የምናውቀው፣ በሁዳዴ ገበታ ላይ ዓይን የሚያስለቅሰው ሰናፍጭ። ሰናፍጩ 16 ክሮሞሶም አለው፤ የጥቅል ጎመኑ ዘመድ 18። በጥንት ጊዜ፣ ማንም ሳያዳቅላቸው፣ ሁለቱ ተገናኙ፤ የሁለቱንም ሙሉ ርስት ሳይቀንስ የተሸከመ ባለ 34 ክሮሞሶም ልጅ ተወለደ። እናቶቻችን ሹካ በሚያህል መኮትኮቻ ሲንከባከቡት የኖሩት ይህንን ልጅ ነው።

ከወላጆቹ የወረሰው አንድ ነገር አለ፤ እሳት። ጎመን ጥሬውን ሲታኘክ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ለዚህ ነው። ቅጠሉ ግሉኮሲኖሌት የሚባል ነገር በአንድ ክፍል ያስቀምጣል፤ ማይሮሲኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ደግሞ በሌላ ክፍል። ሁለቱ ተለያይተው እስካሉ ድረስ ቅጠሉ ሰላማዊ ነው። ትል ወይም ፍየል ቅጠሉን ሲነክስ ግድግዳው ይፈርሳል፤ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ በቅጽበት የሚያቃጥለው የሰናፍጭ ዘይት ይፈጠራል። እግር የሌለው፣ መሮጥ የማይችል ፍጡር በየቅጠሉ እንዲህ ያለ ጥበቃ ተሰጥቶታል። ብዙ ነፍሳት ቀምሰውት ይሸሻሉ።

ክሽክሹ ግን አይነክስም። አፉ መርፌ ነው፤ ያውም አራት ክሮች አንድ ላይ ተጋጥመው የተሠሩበት መርፌ። ከሰው ፀጉር ከአሥር እጥፍ በላይ ይቀጥናል፤ በዚያ ቅጥነት ውስጥ ግን ሁለት መንገድ አለው፤ በአንዱ ምራቅ ይወርዳል፤ በሌላው ምግብ ይወጣል። እኔ ያደግሁት የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ድውር ሲያዞሩ እያየሁ ነው፤ ቀጭን ፈትል ማለት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ይህ መርፌ በቅጠሉ ሕዋሳት መካከል ባለው ስንጥቅ እየተጠማዘዘ ይገባል። ግድግዳ አያፈርስም። እግረ መንገዱን እዚህም እዚያም አንድ ሕዋስ በትንሹ ወግቶ ይቀምሳል፤ ያለበትን በጣዕም አውቆ ይቀጥላል። የሚፈልገው ከቅጠል ወደ ሥር ስኳር የሚወርድበትን ቧንቧ ነው። እዚያ ለመድረስ ረጅም ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጅበታል። በሄደበት መንገድ ሁሉ ቶሎ የሚረጋ ምራቅ እየተፋ ለመርፌው አፎት ይሠራለታል። ቧንቧው ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቀጭን ምራቅ ይጨምራል፤ ተክሉ ቁስሉን በፍጥነት የሚደፍንበትን ሥርዓት የሚያዘናጋ። እሳቱ የተቀመጠባቸው ሁለቱ ክፍሎች ሳይገናኙ፣ ቤቱ ሳይቃጠል፣ ገብቶ ማዕድ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

እዚያ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ አየር ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ክሽክሹ ያን ያህል መምጠጥ እንኳ አያስፈልገውም፤ ተክሉ ራሱ ገፍቶ ያበላዋል። የተክል ተመራማሪዎች የጎመንም ሆነ የሌላ ተክል ንጹሕ የስኳር ጭማቂ ማግኘት ሲቸግራቸው ያገኙት ብልሃት ይህንኑ ፍጡር መጠቀም ነበር፤ ክሽክሹ እየጠጣ ሳለ አካሉን ከመርፌው ይለያሉ፤ ቅጠሉ ላይ በቀረው መርፌ ጫፍ ጭማቂው ጠብ ጠብ እያለ ለሰዓታት ይወርዳል። በሰው እጅ የተሠራ መርፌ ያንን ቧንቧ ሳያበላሽ መግባት ስላልቻለ፣ ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች በአንድ ነፍሳት አፍ ለመሥራት ተገደዱ። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ቆየሁ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የጎመን ክሽክሽ ያንን የጎመን እሳት ግማሹን፣ ማለት ግሉኮሲኖሌቱን፣ ከምግቡ ጋር ጠጥቶ በደሙ ውስጥ ያከማቻል። ሌላውን ግማሽ፣ ኢንዛይሙን፣ ራሱ ሠርቶ በጡንቻው ውስጥ ያስቀምጣል። ሁለቱን ለያይቶ። ጥንዚዛ ስትነክሰው ይገናኛሉ፤ ነካሿን አፏ ላይ ሰናፍጭ ይቀበላታል። ጎመኑ ቅጠሉን የሚጠብቅበትን ሥርዓት ክሽክሹ በጤፍ ፍሬ መጠን ደግሞ ሠርቶታል። ማን አስተማረው? ለእኔ መልሱ አንድ ነው፤ ለጎመኑ ያስተማረው።

የስኳሩ ጭማቂ ጣፋጭ ነው እንጂ ሙሉ ምግብ አይደለም። አካል የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ይጎድሉታል። ስኳር ብቻ ጠጥቶ ማን ያድጋል? በክሽክሹ ሆድ ውስጥ ግን፣ ለዚሁ በተዘጋጁ ሕዋሳት ውስጥ፣ ቡክኔራ የተባለች ባክቴሪያ ትኖራለች። የጎደለውን አሚኖ አሲድ የምታበስልለት እሷ ናት፤ እሱ ደግሞ መኖሪያና ስኳር ይሰጣታል። ሁለቱ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ አብረው እንደኖሩ ሳይንቲስቶች ይገምታሉ። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ትተላለፋለች፤ ከክሽክሹ ውጭ መኖር አትችልም፤ እሱም ያለ እሷ በወጉ አያድግም፣ አይወልድም። ተባይ ብዬ ልደመስሰው በተነሳሁት አንድ ነጥብ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ያልፈረሰ ቃል ኪዳን አለ።

በማጉያው እያየሁ ሳለ አንዷ ትልቅ ክሽክሽ ከኋላዋ ትንሽ ነገር ስትገፋ አየሁ። መጀመሪያ ኩስ መስሎኝ ነበር። እግሮች ሲወጡለት ነው የገባኝ፤ እየወለደች ነው። ልጁ ጭራው ቀድሞ ወጣ፤ ስድስት ቀጫጭን እግሮቹን አየር ላይ አንቀሳቀሰ፤ ቅጠሉን ነካ፤ ቆመ። ወዲያው ከእናቱ ጎን ቦታ ያዘ። እንቁላል የለም፤ መታቀፍ የለም። ደግሞም በእነዚህ ቅጠሎች ላይ ያሉት ሁሉ እናቶችና ሴት ልጆች ናቸው። ቅዝቃዜ በሚበረታባቸው አገሮች የበጋው ማብቂያ ላይ ወንዶች ይወለዳሉ፤ እንቁላል ይጣላል፤ እንቁላሉ በረዶውን አልፎ ይፈለፈላል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ቅጠል በማይጠፋበት አገር ግን ያ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሴቷ ያለ ወንድ ሴት ትወልዳለች። የበለጠ የሚገርመው ይህ ነው፦ የተወለደችው ሕፃን ገና ስትወጣ በሆዷ ውስጥ የራሷ ልጆች መፈጠር ጀምረዋል። አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ቆዳ ውስጥ። ለዚህ ነው በአሥር ቀን ገደማ ሕፃኗ እናት የምትሆነው፤ ለዚህ ነው ሰኞ ንጹሕ ያየሽው ቅጠል በሁለተኛው እሑድ የሚሞላው።

ያለ ወንድ መውለዳቸውን በሙከራ ያረጋገጠው ሻርል ቦኔ የተባለ የጄኔቫ ወጣት ነው። በ1740 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ እኛ ጋ ዳግማዊ ኢያሱ ከእናቱ ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር ጎንደር ላይ በነገሠበት ዘመን። ቦኔ ያኔ 20 ዓመቱ ነበር። አንዲት ክሽክሽ በተወለደች ቅጽበት ለይቶ፣ በመስታወት ሥር፣ ከአንድ ቅርንጫፍ ጋር ብቻዋን አስቀመጣት። ከንጋት ጀምሮ እስከ ማታ፣ ቀን በቀን፣ ሳይሰለች ጠበቃት። አደገች፤ ወንድ ሳታይ መውለድ ጀመረች፤ በሦስት ሳምንት ገደማ 95 ልጆች ቆጠረላት። ቆየት ብሎ ዓይኑ ደከመ፤ በማጉያ መሥራት አቃተው። ያኔ ወደ ማሰላሰል ዞረ፤ በ1764 ተፈጥሮን ስለ መመልከት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ያ ወጣት በአንዲት ክሽክሽ ደጅ እንደ ባሕታዊ ተቀምጦ የጠበቀው ነገር ከፊቴ ባለው ቅጠል ላይ አሁን እየሆነ ነበር፤ እኔ ደግሞ የአመድ ቆርቆሮ ይዤ ቆሜያለሁ።

የእኛ ሊቃውንት ፍጥረትን ሲያስተምሩ 22 ሥነ ፍጥረት ብለው ይቆጥራሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ስድስተኛው የተፈጠረውን በዚህ ቁጥር ይደመድመዋል። ልጅ ሆኜ በቄስ ትምህርት ቤት ስሰማው ቁጥሩ ትንሽ ይመስለኝ ነበር፤ ዓለም በሙሉ 22 ብቻ? አሁን ሳስበው በስድስተኛው ቀን ከተቆጠሩት አንዱ ብቻ፣ በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰው የተባለው፣ ስንት ይዟል! ሳይንስ ስም ያወጣላቸው የነፍሳት ዝርያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከእነዚያ ውስጥ የክሽክሽ ወገን ብቻውን ወደ 5,000 ይደርሳል፤ አንዱ የጎመን፣ አንዱ የጽጌረዳ፣ አንዱ የስንዴ፣ አንዱ የባቄላ። ከጥንት ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ አንበሳንና ንስርን ሲተርክ ጉንዳንንም አይረሳም። ክሽክሽን ግን የሚያወሳ አላገኘሁም። ነቢዩ ኢዩኤል እንኳ ተምችን፣ አንበጣን፣ ደጎብያንና ኩብኩባን ሲጠራ ይህ ትንሹ አልተጠራም። ለአንበጣ ምሕላ ይያዝለታል፤ ለክሽክሽ ማን ይጮኻል? ጥፋቱ ዝምተኛ ነው፤ የአንዲት እናት መደብ ላይ ያልቃል። ታሪክ አይጽፈውም።

ጥፋት መሆኑን አልክድም። አንድ መደብ ጎመን ለአንድ ቤት የሁዳዴን ግማሽ የሚያሻግር ምግብ ነው። ክሽክሽ የጠጣው ቅጠል ይጨማደዳል፤ እምቡጡ ላይ ከገባ ዘር አይሰጥም። ከተክል ተክል ሲዘዋወርም በመርፌው ጫፍ የበሽታ ቫይረስ ይዞ ይሄዳል። ድንቅነቱን ማየት ረሃብን አያስረሳም፤ ማስረሳትም የለበትም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ነው የከበደኝ።

ሲበዙና ቅጠሉ ሲሟጠጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። እርስ በርስ መነካካቱ ሲበረታ እናቶቹ ክንፍ ያላቸው ልጆች መውለድ ይጀምራሉ። እናቲቱ ክንፍ የላትም፤ ልጇ ግን አራት እንደ ሽፎን የሳሱ ክንፎች ይዛ ታድጋለች። የእንጦጦ ነፋስ ያነሳታል። እንዲህ ያለ ደካማ በራሪ ነፋስ ከረዳው መቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ ይወርዳል። ከላይ ሆና የምትፈልገው ቀለም ቢጫና ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው፤ ለጋ ቅጠል ከሰማይ ሲታይ የሚመስለው ያንን ነውና። አንድ የገረመኝን ነገር ልናገር፦ በጓሮዬ ውኃ የምናጠራቅምበት ቢጫ ጀሪካን አለ። ለዓመታት በበጋ ከሰዓት ጀሪካኑ ላይ ጥቃቅን ክንፋሞች ለምን እንደሚለጠፉ አይገባኝም ነበር። እነዚያ ስደተኞች ጀሪካኑን ትልቅ ለጋ ጎመን አድርገው አይተውት ነበር። ገበሬዎችና ተመራማሪዎች ይህንኑ አውቀው በቢጫ ሳፋ ውኃ ሞልተው፣ ወይም ቢጫ ሰሌዳ ላይ ሙጫ ቀብተው ይይዟቸዋል።

አሁን ስለ ባለፈው ዓመት መናገር አለብኝ፤ ያኔ ማጉያ አላመጣሁም ነበርና። ጥር ላይ ክሽክሹ ሲገባ አንድ ሱቅ ሄጄ መርዝ ገዛሁ። ሻጩ በላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ ሰጠኝ፤ መጠኑን በጣቱ አሳየኝ። ረጨሁ። በማግስቱ ቅጠሉ ንጹሕ ነበር፤ ደስ አለኝ። ከመደቡ ሥር ግን ቀይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ጥንዚዛዎች በጀርባቸው ተንጋለው ወድቀው ነበር፤ እግሮቻቸው ወደ ሆዳቸው ተሰብስበዋል። ሰባት ቆጠርኩ። ያኔ ምን እንደገደልኩ አላወቅሁም። በሦስተኛው ሳምንት ክሽክሹ ተመለሰ፤ ከበፊቱ እጥፍ ሆኖ። በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ተደብቀው የተረፉት ጥቂቶች፣ የሚበላቸው በሌለበት ቤት፣ በዚያ ሁሉ የመውለድ ጸጋ በዙ። የሚበላቸውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ጥንዚዛዋ እንደ እነሱ በአሥር ቀን ልጅ አታደርስም፤ ቤቷን ለመመለስ ወራት ወሰደባት።

እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል አለ፤ ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው። ዕድሜ ዘመናቸውን የኢትዮጵያን ዕፀዋት ሲያጠኑ የኖሩት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የመሩት ቦታ ነው። ከዚያ ከመርዙ ዓመት በኋላ እዚያ ስዞር ዓይኔ ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር፤ የቅጠል ጀርባ። ክሽክሽ አጣሁ ብል ውሸት ነው፤ አለ። ግን እዚህ ሦስት፣ እዚያ አምስት። ከጽዱ ሥር ቁጥቋጦ አለ፤ በቁጥቋጦው ላይ አበባ፤ በአበባው ላይ የንብ ልብስ የለበሰች ዝንብ አየር ላይ ቆማ። የዚያች ዝንብ እጮች ክሽክሽ በል ናቸው፤ እናታቸው ግን የአበባ ማር ትፈልጋለች። አበባ በሌለበት ጓሮ እንቁላሏን እምብዛም አትጥልም። የእኔ መደብ ጎመን ብቻ ነበር፤ አረም የተባለውን አበባ ሁሉ ነቅዬ ጥዬዋለሁ።

ወደ ዘንድሮው ጠዋት ልመለስ። ማጉያውን ከቅጠል ወደ ቅጠል ሳዛውር ከግራጫዎቹ መካከል የተቆላ ሰሊጥ የመሰሉ፣ የደረቁ፣ ክብ ክሽክሾች አየሁ። አይንቀሳቀሱም። አንደኛው ጀርባ ላይ በኮምፓስ የተሠራ የመሰለ ክብ ቀዳዳ ነበር፤ ክዳኑም በማጠፊያ እንደተያዘ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ይህ የአንዲት ተርብ ሥራ ነው፤ እሷም ከሁለት የጤፍ ፍሬ የማትበልጥ። ክሽክሹ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ከተጠቃው ጎመን ትንሽ የሰናፍጭ ሽታ ይወጣል፤ በነፋስም ይሄዳል። ሌሎችን የሚያባርረው ያ ሽታ ለዚህች ተርብ ጥሪ ነው፤ ተከትላው ትመጣለች። ሆዷን በእግሮቿ መካከል ወደ ፊት አጥፋ በአንድ ክሽክሽ ውስጥ አንድ እንቁላል ታስቀምጣለች። እጩ ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ክሽክሹ ወደዚያ ሰሊጥ ይለወጣል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲሷ ተርብ ጣሪያውን ክብ አድርጋ ቆርጣ ትወጣለች።

እዚህ ላይ ልቤ ቆመ። ቻርልስ ዳርዊንም እንዲህ ዓይነት ተርቦች አሳስበውት ነበር፤ በ1860 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቸርና ሁሉን ቻይ የሆነ አምላክ ከሕያው ትል ሆድ ውስጥ እንዲበሉ አስቦ ፈጠራቸው ብሎ ራሱን ማሳመን እንዳቃተው ገልጿል። ጥያቄውን አልንቀውም። እኔም ያንን ባዶ ሰሊጥ እያየሁ ጠይቄያለሁ። ኢዮብ ትልቁን ጥያቄ ይዞ በቆመ ጊዜ ከዐውሎ ነፋሱ የመጣለት መልስ የፍጥረት ጉብኝት ነበር፤ አንበሳ ደቦሎቿን ስታበላ፣ ቁራ ለጫጩቶቹ ሲፈልግ፣ ንስር ከገደል አፋፍ ሲመለከት። ደም ያለበት ጉብኝት ነው። ኢዮብ እጁን አፉ ላይ አደረገ። እኔም በጓሮዬ ያደረግሁት ከዚያ አይበልጥም።

ማታ እማማ ለራት ጠሩኝና ስለ ቅጠሉ ጀርባ ነገርኳቸው። ስለ መርፌው፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ተርቧ። ሽሯቸውን እያማሰሉ ሰሙኝ።

«እና አመዱን አልነሰነስሽም?»

«ዳር ያሉትን አራት እግር ጎመን ተውኳቸው፣ እማማ። ሌላው ላይ ነስንሻለሁ።»

«ለማን ተውሽው?»

«ለተርቧ። እሷ የምትበላው ካጣች አትመጣም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ባለቤቱ ያውቃል» ብለው እንጀራውን ዘረጉልኝ።

ዘንድሮ ከጎመኑ መደብ ዳር ድንብላልና እንስላል እንዲያብቡ ተውኳቸው። ጽጌረዳው ላይ የነበረውን አረንጓዴ ክሽክሽ በጣቴ ጠረግሁት፤ የለጋው ቀንበጥ እሾህ ገና ስላልጠነከረ ቀላል ነው። በኮኩ ዛፍ ላይ ያለው ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱን ጉንዳኖች ይጠብቁታል። ጉንዳኑ በአንቴናው ጀርባውን ሲደባብሰው ከኋላው አንድ ጣፋጭ ጠብታ ያወጣለታል፤ ጉንዳኑም ስለዚያች ጠብታ ጥንዚዛን ያባርራል። አንድ ከሰዓት ሙሉ ያንን ሳይ ዋልኩ፤ ልብሴ ሳይታጠብ ቀረ።

ከዚያ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ የበልግ ዝናብ መጣ። ከእንጦጦ ጀምሮ ቆርቆሮ እየደበደበ ወረደ፤ እስከ ንጋት አላባራም። ክሽክሽ ከባድ ዝናብ አይችልም። ጠዋት ስወጣ ቅጠሎቹ ታጥበው ያብለጨልጩ ነበር፤ ግራጫው ሠራዊት ጭቃው ላይ ተበትኗል።

«ዝናቡ ጠረገልሽ አይደል?» አሉ እማማ በአጥሩ በኩል።

«ጠረገው፣ እማማ።»

ዳር ካሉት አራቱ አንዱን ቅጠል ገለበጥኩ። ሰሊጦቹ አልታጠቡም፤ ቅጠሉ ላይ ተጣብቀው ይዘዋል። አንዱ ጣሪያ ላይ ስስ ክብ መስመር ወጥቶ ነበር። እያየሁት ክዳኑ ተነሳ፤ ሁለት ጥቁር አንቴናዎች ወጡ፤ ቆሙ፤ አየሩን ዳሰሱ። ከእሷ ጣት በማይሞላ ርቀት፣ ጠርዙ በታጠፈበት ደረቅ ዋሻ ውስጥ፣ ከዝናቡ የተረፈች አንዲት ግራጫ እናት ነበረች። ከኋላዋ ስድስት እግሮች አየር ላይ ተዘርግተው ቅጠል ይፈልጉ ነበር።